ምዕራፍ 8፦ አዋሳኝ ወረቀት

ሽማግሌው ወረቀታቸውን ሁለት ፌስታል ደርበው ይዘውታል። ቦታው ደብረ ማርቆስ ነው፤ ራፖር ጸሐፊዎች ጃንጥላ ዘርግተው ዝቅ ያለች ጠረጴዛቸውን ወደ ጉልበታቸው አስጠግተው ከሚቀመጡበት ጥግ። ዘመኑ ዘንድሮ አይደለም። ኮሪያ የዘመቱ ሰዎች ገና በገዛ እግራቸው ገበያ የሚወጡበት ጊዜ ነበር። እኔ ለሌላ ጉዳይ ወረፋ ይዤ ቆሜያለሁ።

«አባባ፣ ምን ብዬ ልጻፍልዎ?» አላቸው ጸሐፊው።

«ሜዳሊያዬን አስቀርተውብኛል በልልኝ፣ ልጄ።»

የጸሐፊው እጅ የተባ ነበር። ሁለት ገጽ ሞላው። ውቅያኖሱን አሻገራቸው፤ በረዶ ውስጥ አቆማቸው፤ የቆሰለ ጓድ አሸከማቸው፤ በመጨረሻም በስተርጅና ከመንግሥት ደጅ አስጠናቸው። ሲያነብላቸው ዙሪያውን የነበርነው ከንፈር መጠጥን። እሳቸውም በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። በሁለቱ ገጽ ውስጥ ግን የትኛው መዝገብ፣ በየትኛው መስመር፣ ምን ብሎ እንደተሳሳተ የሚናገር አንድ ዓረፍተ ነገር አልነበረም። ማመልከቻው ከወራት በኋላ «ጥያቄው ግልጽ አይደለም» ተብሎ መመለሱን ሰማሁ። ይህን ምዕራፍ ያጻፈኝ ያ የጎደለ ዓረፍተ ነገር ነው።

ዕጣ መለመንና ደብተር ማስገለጥ

በዕቁብ እንጀምር። በየእሑዱ 500 ብር የምትጥሉበት ዕቁብ አላችሁ እንበል። አንድ ቀን ተነሥታችሁ «ልጄን ልድር ነው፤ የዛሬውን ዕጣ ለእኔ ልቀቁልኝ» ብትሉ ልመና ነው። ዳኛውና አባላቱ ሊያዝኑላችሁ ይችላሉ፤ እምቢ ቢሉም የሚከሳቸው የለም። በሌላ ቀን ደግሞ «የጥቅምትን ሦስተኛ እሑድ ጥያለሁ፤ ከስሜ ትይዩ ግን ባዶ ነው» ትላላችሁ። አሁን የማንም ኀዘኔታ አያስፈልጋችሁም። ጸሐፊው ደብተሩን ይገልጣል፤ እናንተም ያን ዕለት አጠገባችሁ ተቀምጦ የጣለውን ሰው ትጠራላችሁ።

የወታደር ሽልማትም እንዲሁ ሁለት በር አለው። በአንደኛው የሚገባ ሰው «ይህን ጀብዱ ሠርቻለሁና ሸልሙኝ» ይላል። ውሳኔው የአዛዥ ወይም የመንግሥት ነው፤ የሚመዘነውም ጀግንነት ስለሆነ ክርክር አያጣውም። በሁለተኛው የሚገባው «ሽልማቱ ያን ጊዜ ተወስኖልኛል» ወይም «በዘመቻው ለተሳተፈ ሁሉ የተሰጠ ነው፤ እኔም ነበርሁ፤ ማኅደሬ ግን ይህን አልያዘም» ይላል። የመዝገብ እርማት የሚባለው ይህ ነው። እዚህ በር ላይ ስለ ጀግንነት የሚጠይቅ የለም፤ የሚጠየቀው ወረቀት ነው። የሽማግሌው ጉዳይ የሁለተኛው በር ነበር፤ ማመልከቻቸው ግን ሄዶ የመጀመሪያውን አንኳኳ።

በምዕራፍ 2 እንዳየነው መዝገብ ትክክል ነው ተብሎ ይገመታል። ወንበር ላይ ቀድሞ እንደተቀመጠ ሰው ነው። ለምን እንደተቀመጠ እሱ አይናገርም፤ ተነሥ የሚለው ነው ምክንያት የሚደረድረው። ሕግ ዐዋቂዎች ይህን «የማስረዳት ሸክም» ይሉታል። ሸክሙ በአመልካቹ ትከሻ ላይ ነው። ታዲያ በምን ይሸከመዋል?

አራቱ አዋሳኞች

መልሱን የጎዛምን ገበሬ ከሳጥኑ አውጥቶ ሊያሳያችሁ ይችላል። በአማራ ክልል ገበሬው የተሰጠው የመሬት ይዞታ ደብተር የሚጽፈው የማሳውን ስፋት ብቻ አይደለም። በሰሜን እገሌ፣ በደቡብ እገሌ፣ በምሥራቅ እገሊት፣ በምዕራብ መንገድ እያለ አዋሳኙን ይዘረዝራል።

አሁን የአንዱን ገበሬ ደብተር ምስጥ በላው እንበል። ሰውየው ባዶ እጁን ቀረ? አልቀረም። በሰሜን ያለው ጎረቤቱ ደብተሩን ሲገልጥ «በደቡብ የሚያዋስነኝ» ብሎ ስሙን ይዞታል። በምሥራቅ ያለችው ደግሞ «በምዕራብ» ብላ ይዛዋለች። የእሱ ደብተር ቢጠፋም ቅርጹ በጎረቤቶቹ ደብተር ውስጥ አለ፤ ሞሰቡ ሲነሣ ክቡ ምንጣፉ ላይ እንደሚቀር።

ደግሞም እነዚህ ጎረቤቶች ስሙን ያስጻፉት ለእሱ ብለው አይደለም። እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ድንበር እያስከበሩ ነበር። ምናልባት አንደኛው ከሱ ጋር በወሰን ተጣልቶ የማይነጋገር ሊሆን ይችላል፤ ያ ጭራሽ ምስክርነቱን ያጠነክረዋል። የአዋሳኝ ደብተር ኃይል የሚመነጨው ከዚህ ነው፦ የተጻፈው ጭቅጭቁ ሳይነሣ ነው፤ የጻፈው ሌላ እጅ ነው፤ የተጻፈበት ምክንያት ሌላ ነው፤ የተቀመጠውም በሌላ ሰው ሳጥን ነው።

በዚህ ምዕራፍ «አዋሳኝ ወረቀት» የምለው እንዲህ ያለውን ነው፤ ስለ ሌላ ጉዳይ ተጽፎ እግረ መንገዱን የእናንተን ስም የያዘ ወረቀት። ለወታደር አዋሳኙ ብዙ ነው። የደመወዝ መክፈያ ፔሮል አለ፤ የቁስለኞች መዝገብ አለ፤ የመርከብ ተሳፋሪዎች ዝርዝር አለ። የጓዱ የሽልማት ትእዛዝ አለ፤ እንዲህ ያለ ትእዛዝ ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ሳይሆን ብዙ ስም በተርታ ይይዛል። በጀርባው ስምና ቀን የተጻፈበት ፎቶግራፍም አለ።

ሐምሌ 5 ቀን 1965፣ ሴንት ሉዊስ

አዋሳኝ ምን ያህል እንደሚሠራ በጉልህ ያሳየ አንድ ቃጠሎ አለ። የአሜሪካ ወታደሮች የግል ማኅደር በሚቀመጥበት ሴንት ሉዊስ በሚገኘው ሕንፃ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ሐምሌ 5 ቀን 1965 እሳት ተነሣ፤ በእነሱ አቆጣጠር ጁላይ 12 ቀን 1973 መሆኑ ነው። እሳቱ ለቀናት ነደደ። ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚደርሱ ማኅደሮች ወደሙ። ከ1912 እስከ 1960 እ.ኤ.አ. ከምድር ጦሩ ከተሰናበቱት ወታደሮች 80 በመቶ ያህሉ ማኅደራቸው አመድ ሆነ። ግልባጭ አልነበረም፤ በማይክሮፊልም የተነሣ ቅጂም አልነበረም።

ሠራተኞቹ ከዚያ በኋላ የሠሩት የጎዛምኑ ገበሬ የሚያደርገውን ነው። ወደ አዋሳኞች ሄዱ። ደመወዝ ከሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት የክፍያ ሰነድ፣ ከሐኪሞች የሆስፒታል መዝገብ፣ ከጦር ክፍሎች የጠዋት ሪፖርት እየሰበሰቡ የአንድን ሰው አገልግሎት እንደገና መገጣጠም ጀመሩ። የጠዋት ሪፖርት ማለት ዛሬ ማን ታመመ፣ ማን ተመለሰ፣ ማን ሞተ የሚል የየዕለቱ ወረቀት ነው። ያን የጻፈው የሻምበል ጸሐፊ ስለ ሜዳሊያ አላሰበም። ለስንት ሰው ምግብ እንደሚወጣ እየቆጠረ ነበር።

እግረ መንገዴን፣ አሜሪካኖቹ የወታደር መዝገብ የሚያርም ቦርድ ያቋቋሙት በ1946 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ ነው። ከዚያ በፊት የአንድን ወታደር ማኅደር ለማረም ምክር ቤቱ በዚያ ሰው ስም ልዩ ሕግ ማውጣት ነበረበት። እስቲ አስቡት፤ የአንድ አሥር አለቃን መዝገብ ለማቃናት የአገር እንደራሴ እጅ ሲያወጣ! አሁን ያለው ቅጽ ግን አጭር ነው። ምኑ ተሳሳተ፣ ምን መሆን ነበረበት፣ በምን ታስረዳለህ ይላል። ስሕተቱ ከታወቀ በ3 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ፍትሕ የሚጠይቅ ሆኖ ሲገኝ ቦርዱ ጊዜውን ሊያልፈው ይችላል። በቅጹ ላይ ለእንባ የተተወ ቦታ የለም። ሰብአዊነት የጎደለው ሊመስል ይችላል፤ ለእኔ ግን ለአመልካቹ የሚያዝን ቅጽ ያ ነው፤ ቢያንስ ምን ይዞ እንደሚመጣ ይነግረዋል።

ጎጃም፣ ከ1928 እስከ 1933

ወደ አገራችን ስንመለስ ነገሩ ይከብዳል። ሴንት ሉዊስ የነበረ ወረቀት ተቃጠለ፤ ጎጃም ላይ ግን ወረቀቱ መጀመሪያውኑ አልተጻፈም። በጣሊያን ወረራ ዘመን በጮቄ ሥርና በዓባይ በረሃ የተዋጋው አርበኛ ፔሮል አልነበረውም። ስንቁ ከገበሬው ጎተራ፣ ጥይቱ ከጠላት ወገብ ነበር። ደብዳቤ የሚጽፍለት ደብተራ አላጣም፤ የሚያገለግለውን ሰው ዘርዝሮ በየወሩ የሚያስፈርም ጸሐፊ ግን አልነበረውም።

ንጉሠ ነገሥቱ በመጋቢት 1933 መጨረሻ ደብረ ማርቆስ ገቡ፤ ሚያዝያ 27 ቀን ደግሞ አዲስ አበባ። ከዚያ በኋላ «ማን ማን ነበር?» የሚለው ጥያቄ መጣ። የአርበኛ ሜዳይ፣ የስደተኛ ሜዳይ፣ የድል ኮከብ ተዘጋጁ። በአርበኞች የሕይወት ታሪክ ላይ «የአርበኛ ሜዳይ ከአምስት ዘንባባ ጋር» የሚል አንብባችሁ ይሆናል። ሪባኑ ላይ የሚታከለው ዘንባባ የተዋጉበትን ዓመት ይቆጥራል። ስለዚህ የአንድ ዓመት ስሕተት ማለት አንድ ዘንባባ ማለት ነው፤ ባለ አራት ሆኖ የቀረ ባለ አምስት አርበኛ ደግሞ ሕመሙን እስከ መቃብሩ ይዞ ይሄዳል።

መዝገብ መሳቢያ ነው፤ መሳቢያው የሚሠራው ደግሞ ሰዉ ከመምጣቱ በፊት ነው። ጫካ የገባው በአርበኛ መሳቢያ ይገባል፤ ባሕር የተሻገረው በስደተኛ። በጠላት ከተማ ተቀምጦ መረጃና መድኃኒት ያወጣ የነበረውስ? ለእሱ «ውስጥ አርበኛ» የሚል ስም ተገኘለት፤ ሥራው ምስጢር ስለነበረ ግን ማስረጃው ከሁሉ የሳሳ ሆነ። ሐዲስ ዓለማየሁን አስቡ። የደብረ ማርቆስ አካባቢ ልጅ ናቸው፤ ከራስ እምሩ ጋር ዘምተው ተዋጉ፤ ከዚያ ተማርከው የጦርነቱን ዘመን ጣሊያን አገር በእስር አሳለፉ። እንዲህ ያለውን ሰው ጫካም ስደትም በሚል ቃል አይገልጹትም።

ማዕረግም አለ። በላይ ዘለቀ ጫካ ሳለ ተከታዮቹን ከግራዝማች እስከ ራስ ይሾም እንደነበር ይተረካል። ያ ሹመት በብቸና ሰማይ ሥር እውነተኛ ነበር፤ ሰው ታዝዞበታል፤ ሞቶበታል። ከነፃነት በኋላ በተከፈተ መዝገብ ላይ ግን ያው ሰው ያለ ማዕረግ ሊገኝ ይችላል። ስሙም ቢሆን አንድ ብቻ አይደለም። በላይን ሰዉ «አባ ኮስትር» ይለዋል፤ ሌላውም አርበኛ የፈረስ ስም፣ የክርስትና ስምና የቤት ስም አለው። በአንዱ ወረቀት በፈረስ ስሙ፣ በሌላው በአባቱ ስም ከተጻፈ ለመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሁለት ሰው ነው።

ከሁሉ የሚከብደው የምስክር ነገር ነው። በላይ ዘለቀ በ1937 ተሰቀለ። ወታደሩ «ከማን ጋር ነበርህ?» ሲባል የሚጠራው አለቃ በመንግሥት ፍርድ የሞተ ከሆነ፣ ማን ይፈርምለታል? አለቃ ማለት የመጀመሪያው አዋሳኝ ነው። እሱ ሲነሣ ማሳው በአንድ በኩል ክፍት ይቀራል።

እንግዲህ ሌላውን ወሰን መፈለግ ነው። አንደኛው እንግሊዝ ነው። በኮሎኔል ሳንድፎርድ የሚመራው ሚሽን 101 ነሐሴ 1932 ጎጃም ገብቷል፤ እንዲህ ያለ ቡድን ደግሞ ሪፖርትና የዕለት ማስታወሻ ሳይጽፍ አያድርም። ሁለተኛው ራሱ ጠላት ነው። የጣሊያን ሹም «እገሌ የሚባል ሽፍታ በዚህ ቀን ጣቢያችንን መታ» ብሎ ለበላዩ ቴሌግራም ቢያደርግ፣ ለዚያ ሽፍታ ከዚህ የበለጠ ምስክር ከየት ይመጣል? ጠላት ለአርበኛ ሜዳሊያ ብሎ አይዋሽለትም። ስድቡ ራሱ ማስረጃ ነው።

ሦስተኛው አዋሳኝ ከቤታችን ነው፤ ፉከራ። የከተማ ሰው ፉከራን ባዶ ጉራ አድርጎ ያየዋል። በሠርግና በተዝካር የሚፎክር ሰው ግን የት ዋለ፣ ማንን ጣለ የሚለውን የሚናገረው አብረውት በዋሉ ሰዎች ፊት ነው። ያልዋለበትን ቢጠራ ከዳስ ጥግ ተነሥቶ የሚያስቆመው አይጠፋም። ስለዚህ ዝም ተብሎ ያለፈ ፉከራ በጓዶች የጸደቀ ቃል ነው። ችግሩ ማንም አለመጻፉ ነው፤ ዳሱ ሲፈርስ መዝገቡም አብሮ ይፈርሳል።

አንድ ስም በ16 መልክ

የኮሪያ ዘማቾች ችግር ከዚህ የተለየ ነው። ወረቀት ሞልቷል፤ የሚያስቸግረው ማገናኘቱ ነው። የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ በሚያዝያ 1943 ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጅቡቲ በኩል በመርከብ ፑሳን ገባ፤ ከአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰለፈ። በጦርነቱ ከዘመቱት ኢትዮጵያውያን ሁሉ 121 ሰዎች ሞቱ፤ አንድም ሰው አልተማረከም። አዋሳኛቸው ስለዚህ የውጭ ሰው ነው፤ የአሜሪካ ጦር ወረቀት፣ የተባበሩት መንግሥታት ወረቀት። እነዚያ ደግሞ የሚጽፉት በሌላ ፊደልና በሌላ ዘመን አቆጣጠር ነው።

ከፊደል እንነሣ። «ዓለሙ ሠርፀ» የሚል ስም ውሰዱ። የመጀመሪያው ድምፅ በዓ፣ በዐ፣ በአ ወይም በኣ ይጻፋል፤ አራት። ሠ በሰ ይተካል፤ ሁለት። ፀ በጸ ይተካል፤ ሁለት። አራት ጊዜ ሁለት ጊዜ ሁለት፣ 16። አንድ ሰው፣ አንድ አነባበብ፣ 16 አጻጻፍ! በፊደል ተራ በተደረደረ መዝገብ ቤት «ዓለሙ» ብሎ የፈለገ ሠራተኛ «አለሙ» ተብሎ የተቀመጠውን ማኅደር ሳያይ «የለም» ብሎ ሊመልስ ይችላል። አልዋሸም፤ በፈለገበት መደርደሪያ በእርግጥ የለም። የውጭ አገር ጸሐፊ ደግሞ የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ስለሚያስብ ማኅደሩን የሚያስቀምጠው በአባቱ ስም ነው። ለእሱ ሰውየው ሠርፀ ነው።

ከዚያም የቀን ጉዳይ አለ። በምዕራፍ 5 ስለ ልደት ምስክር ወረቀት ስናወራ እንዳልነው፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ድረስ ያለን ልዩነት 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ነው። ብዙ ሰው ግን ሁልጊዜ 8 ይቀንሳል። የክብር ዘበኛ መፈንቅለ መንግሥት የተሞከረው በዲሴምበር 1960 ነው፤ በእኛ ታኅሣሥ 1953። 8 የቀነሰ ጸሐፊ 1952 ይጽፋል። የቃኘው ዘማቾች የወጡት ከዚሁ ክብር ዘበኛ መሆኑን አስታውሱ። በዚያ ወር የተሰናበተ ወታደር በአንድ የቅነሳ ስሕተት ከግርግሩ አንድ ዓመት ቀድሞ የወጣ ይመስላል፤ አንድ የአገልግሎት ዓመትም በዚያው ይበላል። ይህን ለማረም ጀግንነት መቁጠር ምንም አይረዳም። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጦ «ይህ ያው ቀን ነው» ብሎ ማሳየት ይበቃል።

አዋሳኝ መሳይ

ቢሮ እምቢ ሲል ሁልጊዜ ጨክኖ አይደለም። ከነፃነት በኋላ ከሁሉ ይበልጥ ሲያንገበግብ የኖረው ሐሜት «ባንዳው አርበኛ ተብሎ ተሸለመ» የሚለው ነበር። መዝገብን በቀላሉ የሚከፍት በር ለእውነተኛውም ለአስመሳዩም እኩል ይከፈታል።

ባለፈው ወር የተጻፈ የድጋፍ ደብዳቤ አዋሳኝ አይደለም። «ጠንካራ ተዋጊ እንደነበሩ እናረጋግጣለን» ብሎ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት የመጣው ከአመልካቹ አፍ ነው፤ ማኅተሙ ድምፁን አጎላው እንጂ አዲስ ነገር አልጨመረም። ሦስት ምስክሮች ቀርበው ቃል በቃል አንድ ዓይነት ከተናገሩም የተሰማው አንድ ሰው ነው። «ያን ዕለት ቆስሎ በቃሬዛ ስንወስደው ቃሬዛው ወንዙ ላይ ተሰበረ» የሚል አንድ ምስክር ከሦስቱ ይበልጣል። የሚፈተሽ ነገር ተናግሯልና።

የጡረታ ሕጋችን በዕድሜ ላይ የያዘው አቋም ከዚህ ፍርሃት የመነጨ ነው። የሚታየው መጀመሪያ ሲቀጠሩ ያስመዘገቡት ዕድሜ ነው፤ በኋላ የተስተካከለ አይቀበልም። ብዙ ሰው በዚህ ተጎድቷል፤ እኔ ግን ሕጉን እደግፈዋለሁ፤ ሰው ዕድሜው ጥቅም እንደሚያመጣ ሳያውቅ የተናገረው ቃል ይሻላል። በስም አጻጻፍና በቀን ቅነሳ ላይ ግን እንዲህ መጨከን አይገባም። ዓን በአ የጻፈ ሰው ምንም አላተረፈበትም።

ሁለተኛው ፌስታል

የሽማግሌውን ነገር ሳልጨርስ አልፌያለሁ። ያን ቀን ራፖሩ ተጽፎ ካለቀ በኋላ ሁለተኛውን ፌስታል ፈቱት። ከውስጡ በላቲን ፊደል የተተየበ የሳሳ ወረቀት ወጣ፤ ስማቸው በአባታቸው ስም ጀምሮ ተገልብጦ ተጽፏል። የሆስፒታል ካርድ ወጣ። ከዚያ ጠርዙ የተበላ ፎቶግራፍ ወጣ፤ ስድስት ወታደሮች በረዶ ላይ ቆመዋል፤ በጀርባው የአምስቱ ስምና ቀኑ በቀለም ብዕር ሰፍሯል። ስድስተኛው እሳቸው ናቸው፤ ፎቶው የራሳቸው ስለነበረ ስማቸውን አልጻፉም።

«እነዚህን ለምን አላሳዩትም?» አልኋቸው።

«ማን ጠየቀኝ?»

ዛሬ ቢሆን ማመልከቻው በአምስት መስመር ያልቅ ነበር፦ የስንብት ወረቀቴ በዚህ መስመር ላይ የኮሪያን ዘመቻ አልያዘም፤ መያዝ ነበረበት፤ በተያያዘው የሆስፒታል ካርድ እንደሚታየው በዚህ ቀን እዚያ ነበርሁ፤ በላቲን የተጻፈው ስም የእኔ ሆኖ የአባቴ ስም ቀድሟል፤ በፎቶው ላይ ያሉት አምስቱ የጦር ጓዶቼ ናቸው፤ የእነሱን ማኅደር አይታችሁ የእኔን አስተካክሉልኝ።

እናንተም ቤት ዘማች ካለ፣ በኮሪያም ይሁን በኦጋዴን ወይም በባድመ የዋለ፣ ፎቶግራፉን አውጡና በግራው ማን እንደቆመ፣ በቀኙ ማን እንደቆመ ጠይቁት። ስማቸውን እስከ አያት ጻፉ፤ የጻፋችሁበትንም ቀን ጨምሩ። የእሱንም ስም አትርሱ።